እፍ ያልኳት ቆርኪ

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ስልሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ዳዊት ልደግም ብዬ አይደለም። ደብዳቤ የሚጽፍልኝ ሰውም የለም። አንድ ሰው ልበቀል ብዬ ነው። ስለዚህ ጽሑፌ ቢንጋደድ፣ ነገሬም ቢደጋገም ታገሱኝ። የምነግራችሁ ግን የሆነውን ነው፤ ያየውም ሰው ብዙ ነው።

ሞላ እባላለሁ። ቤቴ ጉና ሥር ነው። ገብስና ድንች አመርታለሁ፤ ጥቂት በጎች አሉኝ። ዳማ የተማርኩት ወፍጮ ቤት ተራ ስጠብቅ ነው። በእኛ በኩል ወፍጮ ቤት ተራ መጠበቅ ማለት ግማሽ ቀን ማለት ነው። ካርቶን ላይ በከሰል ሰሌዳ ይሰመራል፤ አንዱ የለስላሳ ቆርኪ ፊቱን ወደ ላይ፣ ሌላው ጀርባውን ወደ ላይ አድርጎ ይደረድራል፤ በቃ፣ ተጀመረ። እህሌ ተፈጭቶ ሲጠሩኝ ጨዋታው ካላለቀ አልነሳም ነበር።

"ሞላ፣ ዱቄትህ ቀዘቀዘ!" ይሉኛል።

"ይቀዝቅዝ" እላለሁ። እንዲህ ነኝ።

ደብረ ታቦር ላይ በየዓመቱ በጥር ወር፣ አዳራሽ ውስጥ፣ የዳማ ውድድር ይደረጋል። ለአንደኛ በግ ይሰጣል፣ ለሁለተኛ ጃንጥላ። አራት ዓመት ተከታትዬ ገባሁ፤ አራቱንም ዓመት ለፍጻሜ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ተሸነፍኩ፤ ሦስቱንም ያሸነፈኝ አንድ ሰው ነው። ቤቴ ውስጥ ለአንድ ራስ ሦስት ጃንጥላ ተሰቅሏል።

ሰውየው ዘውዱ ይባላል። እኩያዬ ነው። ዕድሜውን በሙሉ በጸሐፊነት ሲሠራ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ከኮቱ ኪስ ሁለት እስክሪብቶ የማይለየው ሰው ነው። ውድድሩ ሲጀመር "የሚጽፍ ማን አለ?" ተባለና እሱ ጸሐፊ ሆነ። ጸሐፊም እሱ፣ ተወዳዳሪም እሱ። የሕጉን ወረቀት የሚይዘውም እሱ ነው። እኛ ሥሩ ላይ እንፈርማለን፤ መጻፍ የማንችለው አውራ ጣታችንን ቀለም ነክረን እናትማለን። የተማረውም ሳያነብ ነው የሚፈርመው። ዘውዱ ይዞታልና ማን ይጠረጥራል?

አሁን ለማታውቁት አንድ ነገር ልንገራችሁ። በዳማ መብላት ግዴታ ነው። የሚበላ ቆርኪ ከፊትህ ቀርቦ ሳትበላ ሌላ ከተጫወትክ፣ በእኛ አገር ተጋጣሚህ ያቺን ያልበላችውን ቆርኪህን ጎንበስ ብሎ እፍ ይላትና ከሰሌዳው ያነሳታል። ከአባቶቻችን ጀምሮ እንዲህ ነው የምንጫወተው።

በመጀመሪያው ዓመት ፍጻሜ ላይ ዘውዱን ይዤው ነበር። ጨነቀውና መብላት ያለበትን ሳያይ ሌላ ቆርኪ ገፋ። እኔም ጎንበስ ብዬ "እፍ!" አልኩና ቆርኪውን አነሳሁ። አጨበጨቡልኝ። ዘውዱ ግን ቀስ ብሎ መነጽሩን አደረገ፤ ከኮቱ ውስጥ ወረቀቱን አወጣ።

"ሞላ፣ የፈረምክበትን ላንብብልህ?"

"አንብበው።"

"ሰባተኛ። መብላት እያለበት ያልበላን ቆርኪ ተጋጣሚው እፍ ብሎ ማንሳት አይችልም። ያነሳ ተሸንፏል።" ከዚያ ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረው። "ይኸው ሕጉ። ይኸው ጣትህ።"

ጣቴን አወቅኳት። ሌላውን ምን ልወቅ? ጥቁር ጥቁር ነገር ተደርድሯል። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዘውዱም ወደ ሰዉ ዞሮ "ጉና ላይ እሳት ስለሚያስቸግራቸው ያገኙትን ሁሉ እፍ ይላሉ" አለ።

ከዚያ ቀን በኋላ ስሜ ጠፋ። "አባ እፍ" ሆንኩ። ገበያ ስወርድ የበርበሬ ነጋዴዋ "ኧረ በርበሬዬን እንዳይበትኑብኝ!" ትላለች። የባጃጅ ሹፌሩ ቆም ብሎ "አባ እፍ፣ ይግቡ በነጻ አደርስዎታለሁ፤ የኋላ ጎማዬ ተንፍሷል፣ እግረ መንገድዎን ይነፉልኛል" ይለኛል። ይህንንም ቻልኩ። ያልቻልኩት የልጄን ሠርግ ነው። ሚዜዎቹ ገና ከበር ሳይገቡ እንዲህ ብለው ዘፈኑ፦

እፍ ብሎ ሊያነደው፣ እፍ ብሎ አጠፋው፤
የሙሽሪት አባት ሕጉ ነው የጠፋው።

ልጄ በዓይነ ርግቧ ውስጥ ስታለቅስ አየኋት። እንግዳው ሁሉ ይስቃል። ሙሽራው ራሱ ይስቃል። ያን ዕለት ልቤ ላይ አንድ ነገር ቋጠርኩ፤ እስከ ዛሬም አልፈታሁትም።

ደብረ ታቦር ገበያ ውስጥ ሰይድ የሚባል ልብስ ሰፊ አለ። ሱሪዬን የሚጥፍልኝ እሱ ነው። ሰኞ ጠዋት ሄጄ "ፊደል አስተምረኝ" አልኩት።

መኪናውን አቁሞ አየኝ። "ሞላ፣ ደህና ነህ?"

"ደህና ነኝ።"

"በዚህ ዕድሜ ምን ልታነብበት ነው?"

"አንድ ወረቀት።"

ሌላ አልጠየቀኝም። ግራጫ ቁራጭ ጨርቅ ዘረጋና በልብስ ጠመኔው ፊደል ጻፈበት። በየገበያው ቀን ከልብስ ክምሩ ጎን ተቀምጬ ቆጠርኩ። ሰው ሲመጣ በመዳፌ አብሼ ቁልፍ እንደሚለቅም ሰው እሆናለሁ፤ እንዲታወቅብኝ አልፈለግኩም። ሰይድ ሁሉንም በሥራው ነው ያስተማረኝ። "ይህቺ 'አ' ናት። ሱሪ ናት፤ ሁለት እግር አላት። ይህቺ 'ይ' ናት፤ አንድ እግር ነው ያላት፣ ሱሪ ልትሆን አትችልም። ይህ ደግሞ አራት ነጥብ ነው። እዚህ ስትደርስ ክሩን በጥስ፤ ከዚህ በኋላ የሚነበብ የለም።" ስሳሳት በሜትሩ ጉልበቴን ይመታኛል። "ከአንተ ድንጋይ ይሻላል፤ ድንጋይ ቢያንስ አይከራከርም" ይለኛል።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ፍጻሜ አሁንም ተሸነፍኩ። ምክንያቱም ዘውዱ አንድ ነገር አግኝቷል። እሱ በፈለገ ጊዜ ይበላል፣ ባልፈለገ ጊዜ አይበላም። ወጥመድ ስታበጅለት ዝም ብሎ ያልፋታል። እፍ የሚለው የለማ! እኛ ሁላችን ግዴታ ነው ብለን እየበላን ወጥመድ ውስጥ እንገባለን፤ እሱ ግን እጁን አጣጥፎ ይስቃል። በየዓመቱ በግ እየጎተተ ሄደ። እኔም ጃንጥላዬን ይዤ ጉናን ወጣሁ።

በአራተኛው ዓመት፣ ማለትም በዚህ ዓመት፣ ለመመዝገብ ስሄድ ዘውዱ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ "ና አባ እፍ፣ ጣትህን አምጣ" አለኝ። በዚያን ጊዜ ስሜን አሳምሬ መጻፍ እችል ነበር። ግን ጣቴን ቀለሙ ውስጥ ነከርኩ። ባዶ ቦታ እንደሚፈልግ ሰው ጣቴን በወረቀቱ ላይ እያንከራተትኩ ሰባትን ፈለግኩ። የመስመሩ መጨረሻ ላይ ደረስኩ። አንዲት ቃል አየሁ። አንድ እግር።

"እዚህ ነው የምታትመው! ወረቀቱን አታቆሽሸው!" ብሎ ሳበው።

አተምኩና ወጣሁ። በቀጥታ ወደ ሰይድ ሄድኩ።

"'ይችላል' ነው የሚለው" አልኩት።

"እርግጠኛ ነህ?"

እርግጠኛ አልነበርኩም። ዓይኔ መስመር ስቶ ስምንተኛውን አይቼ ቢሆንስ? ሰይድም ይህንን አውቋል። "ለአዲሷ ዳኛ ንገራትና ወረቀቱን ታንብበው። ምን ያደርግሃል?" አለኝ።

"አይሆንም። የሳቁብኝ ሰዎች ባሉበት፣ እሱም ሰሌዳው ላይ በተቀመጠበት ነው የምፈልገው።"

"ተሳስተህ ከሆነስ?"

"ተሳስቼ ከሆነ በመቃብሬ ላይም እፍ ይበሉ።"

የፍጻሜው ቀን ቅዳሜ ነበር፤ ገበያተኛው አዳራሹን ሞልቶታል። ዳኛዋ መምህርት ሰላም የምትባል፣ በዚህ ዓመት ወደ ከተማው የተዛወረች ወጣት አስተማሪ ናት። አንድ ጨዋታ ብቻ ነው፤ የተሸነፈ ተሸነፈ። ሰይድ ሱቁን ዘግቶ መጥቶ ከኋላ ቆሟል። የባጃጅ ሹፌሩም አለ። ገና ስቀመጥ ከወዲያ ጥግ አንዱ "እፍ!" አለ፤ ሳቁ።

"ሞላ፣ አራተኛ ጃንጥላ ምን ያደርግልሃል?" አለኝ ዘውዱ ቆርኪውን እየደረደረ። "አሁንስ ሱቅ ክፈት።"

ቆርኪዎቼን ደረደርኩ።

ቀስ ብዬ ተጫወትኩ። የሱን የኋላ መስመር ነበር የማየው። እዚያ ጥግ ላይ አንዲት ቆርኪ ከመነሻው አልተንቀሳቀሰችም፤ በረኛዋ ናት። እሷ እያለች ማንም የመጨረሻው መስመር ደርሶ አይነግሥም። ሌላው ሰው እሷን ለማስወጣት ሲደክም ይውላል። እኔ ግን ማስወጣት አልፈለግኩም። አንዷን ቆርኪዬን እየገፋሁ፣ ሦስት ጊዜ በሌላ በኩል እያታለልኩ፣ አፍንጫዋ ሥር አደረስኳት። ብላኝ ብላ ቆመች። ከኋላዋ ባዶ ነው። ከበላት ግን በረኛዋ ቦታዋን ትለቃለች፤ እኔም ሁለት በልቼ እገባለሁ።

ዘውዱ አየ። ወጥመዱን አየው። ፈገግ አለ። ወደ እኔ ቀና ብሎ በዝግታ፣ እንድመለከተው ፈልጎ፣ በሌላ በኩል ያለች ቆርኪውን ገፋ። ሳይበላ አለፈ።

"ተጫወት" አለኝ።

ከዚህ በኋላ መመለስ የለም። ጎንበስ አልኩ። በረኛዋን እፍ አልኳት። አነሳኋትና ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስቀመጥኳት።

አዳራሹ ተናጋ። "ኧረ ደገሙት!" "አባ እፍ ዘንድሮም!" የባጃጅ ሹፌሩ ሆዱን ይዞ ተቀመጠ። ዘውዱ ብቻ አልሳቀም፤ አዘነልኝ መሰለ።

"ሞላዬ" አለኝ፣ "አራት ዓመት ሙሉ አንድ ሕግ አይገባህም? መምህርት፣ ጨዋታው አልቋል። ሰባተኛውን ላንብብላችሁ።" መነጽሩን አወጣ፤ ወረቀቱን አወጣ።

"አንተ አታነበውም" አልኩት።

"ምን?"

"እኔ ነኝ የማነበው።"

አሁን ደግሞ የባሰ ሳቁ። ዘውዱም ሳቀ፤ ግን ወረቀቱን አጠፈው። "እሱ ፊደል አያውቅም! ጣቱን ነው ያተመው፣ ይኸው፣ ባለፈው ሳምንት!"

"ጣቴን ያተምኩት አንተ እንድትተኛ ነው።"

ሳቁ ቀስ እያለ ቆመ። ዘውዱ ወረቀቱን ወደ ኪሱ ሲመልሰው ሰው ሁሉ አየ። መምህርት ሰላም እጇን ዘረጋች። "አቶ ዘውዱ፣ ወረቀቱን ይስጡኝ።"

"ይህ እኮ ጊዜ ማባከን ነው፣ መምህርት…"

"ይስጡኝ።"

ሰጣት። ልታነበው ቀና ስታደርገው "ልጄ፣ አንቺም አታንብቢው፤ ሰሌዳው ላይ አስቀምጪልኝ" አልኳት። አየችኝ። አስቀመጠችልኝ።

ጣቴን ሰባት ላይ አደረግኩ። ላቤ ወረቀቱ ላይ ጠብ አለ።

"መ… ብ… ላ… ት። መብላት።"

"እስከ ፋሲካ ያደርሱናል!" አለ አንዱ። ማንም አልሳቀለትም።

"እ… ያ… ለ… በት። እያለበት። ያል… በላን። ቆር… ኪ።" መስመሩ ይህ ነው፤ አልሳትኩም። "ተጋ… ጣ… ሚው። እፍ።" እፍን ሳነብ አንድ ሰው እንኳ አልተነፈሰም። "ብሎ። ማን… ሳት።"

አንዲት ቃል ቀረች። ቀና ብዬ ዘውዱን አየሁት። መነጽሩን አውልቆ በኮቱ ጫፍ ይጠርጋል፤ ይጠርጋል፤ ጠርጎ አይጨርስም። ያን ጊዜ ሳላነበው አወቅኩት። ግን አልቸኮልኩም። ሦስት ዓመት የጠበቅኩትን ለምን እቸኩላለሁ? ጣቴን ቃሏ መነሻ ላይ አድርጌ ቆየሁ።

"ሱሪ የለም!" አልኩ ጮክ ብዬ።

ሰዉ አበድኩ ብሎ ተያየ። ከኋላ ግን ሰይድ እንደ ሕፃን ሳቀ። "በል ጨርሳት!" አለኝ።

"ይ… ች… ላ… ል። ይችላል! 'እፍ ብሎ ማንሳት ይችላል።' ከዚያ አራት ነጥብ ነው። 'ያነሳ ተሸንፏል' የሚል እዚህ የለም። እስቲ የት አለ? ዘውዱ፣ አንተ የተማርክ ነህ፤ በጣትህ አሳየኝ።"

መምህርት ሰላም ጎንበስ ብላ አነበበችው። ሁለት ጊዜ አነበበችው። "ትክክል ናቸው" አለች። "ይችላል ነው የሚለው።"

የሆነውን ጩኸት ልነግራችሁ አልችልም። ከዚህ ቀደም የተሸነፉት ሁሉ፣ በዚያች ሕግ በየዓመቱ የተነጠቁት፣ ተነሱ። አንዱ ከሐሙሲት የመጣ ገበሬ "በጌን አምጣ!" እያለ ጠረጴዛ ይመታል። ዳኛዋ ዝም አሰኘቻቸው። "ጨዋታው ይቀጥላል" አለች። "የአባባ ሞላ ተራ ነው።"

ቆርኪዬን በረኛዋ በነበረችበት ቦታ አስገባኋት። ነገሠች። ከዚያ በኋላ ያለው ጨዋታ አልነበረም፤ አጨዳ ነው። ሦስት እንደቀሩት ዘውዱ እጁን አነሳ።

"ተሸንፌያለሁ። ይብቃ።"

"'ይብቃ' የሚል ሕግ አለ?" አልኩት። "አንብብልኝ።"

ዳኛዋ ወረቀቱን አየች፤ ከንፈሯን ነከሰች። "የለም" አለች።

አጫወትኩት። ሦስቱንም አንድ በአንድ በላሁ። የመጨረሻዋን በሁለት እርምጃ አጥምጄ መጨረስ እየቻልኩ በአምስት ጨረስኩ። ዓይኑን ማየት ፈልጌ ነበር፤ አየሁት። ጃንጥላውን ሲሰጡት ሳይቀበል ወጣ።

በጉን ለሐሙሲቱ ሰው ሰጠሁት። እኔ የፈለግኩት በግ አይደለም።

አሁን ለእናንተ ለምታነቡት ልናገር። ፊደል ካወቅኩ በኋላ ቤቴ ያለውን ሣጥን ከፍቼ ዕድሜዬን ሙሉ ጣቴን ያተምኩበትን ወረቀት ሁሉ አንድ በአንድ አነበብኩ። ብዙው ደህና ነው። ሁለቱ ደህና አይደሉም፤ እነሱን በሌላ ጊዜ እጨርሳቸዋለሁ። የምለው ይህ ነው፦ ለማያነብ ሰው ስታነቡ የተጻፈውን ብቻ አንብቡ። ከራሳችሁ አንዲት ፊደል ብትጨምሩ የዚያን ሰው ስም ነው የምታጠፉት። እኔ ስሜን ለማስመለስ ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል። አሁን ባጃጅ ሹፌሩ "አባ ይችላል" ይለኛል። ዘውዱን ደግሞ ገበያ መሐል ሲያልፍ "አይችልም!" ይሉታል። እሰማለሁ። ደስ ይለኛል፤ አልዋሽም።

በየካቲት ዘውዱ ሽማግሌዎች ላከብኝ። ሦስት ሽማግሌ፣ ነጭ ለብሰው መጡ። "ይቅር በለው፣ ክርስቲያን አይደለህም ወይ?" አሉኝ።

"ይቅር እላለሁ" አልኩ። "ቅዳሜ ቀን፣ ገበያው መሐል ቆሞ፣ ሰባተኛውን ሕግ እንደተጻፈው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ። ከዚያ 'ለሞላ አዛብቼ ነው ያነበብኩለት' ይበል። ሌላ አልፈልግም።"

ሄዱ። አልተመለሱም። በመጋቢት ዘውዱ ታሞ ተኛ። የሳንባ ነው አሉ። ወረቀቱን መምህርት ሰላም ገልብጣ ሰጥታኝ ነበርና ይዤው ሄድኩ። ሚስቱ ወይዘሮ ጥሩወርቅ በር ላይ ስታየኝ ጉልበቴን ልትስም ወደቀች። "እግዜር ይስጥዎት፣ ሊታረቁት መጡ!" አለች። ገባሁ።

ከስቷል። ወረቀቱን ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጥኩለት። ምን እንደሆነ ወዲያው አወቀ። መነጽር ሳያደርግ፣ በቃሉ ስለሚያውቀው፣ "…እፍ ብሎ ማንሳት ይችላል" አለ። ድምፁ አልወጣም። "አዛብቼ ነው ያነበብኩልህ። በቃህ አሁን?"

"ማን ሰማ?" አልኩት።

"ሚስቴ ሰማች። እግዜር ሰማ።"

"ገበያው አልሰማም። ስትድን ገበያ መሐል ትለዋለህ።"

ዓይኑን ጨፈነ። ሚስቱ በቆመችበት አለቀሰች። እኔም ወረቀቴን አጥፌ ወጣሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን እሳለማለሁ፤ ስለ ዘውዱ ጤና አጥብቄ እለምናለሁ። ሳንባው እንዲሻለው፣ ድምፁ እንዲመለስ፣ ቆሞ መሄድ እንዲችል። የንስሐ አባቴ ሰሙና ጠሩኝ። "ሞላ፣ ለጠላት መጸለይ ስንቱ ያቃተው ነገር ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ የለም" ብለው ባረኩኝ።

መስቀላቸውን ተሳልሜ ወጣሁ። ለምን እንደምጸልይ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸው።